የማስተርስ ኤሌክቲቭ ኮርስ አመራረጥ፦ አመራርና ማኅበራዊ ፍትሐዊነት ለሚያጠኑ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የዊኬንዱ ትምህርት አልቆ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ሐረጎን ሊይዝ ሲል ስልክ ይጮኻል።

«ኤሌክቲቭ እስከ ሰኞ አሳውቁ ተብሏል። አንቺ የቱን ትያለሽ?»

«የቱ ይቀላል?»

«ያኛው መምህር ኤ ይሰጣል እየተባለ ነው።»

«በቃ እሱን ጻፉልኝ።»

ስልኩ ይዘጋል። የኤሌክቲቭ (ተማሪው ከዝርዝር የሚመርጠው ኮርስ) ምርጫውም አለቀ። ከመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ሌላ ተማሪው በራሱ የሚወስንበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው። እሱም ሚኒባስ ውስጥ በግማሽ ደቂቃ ያልቃል።

እኔም እንዲሁ ነው የመረጥኩት። ፋይናል የለውም የተባለውን ኮርስ ወሰድኩና ኤ አገኘሁ። በዓመቱ ለመመረቂያ ጽሑፌ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጡ ልጃገረዶችን ቤት ለቤት እየዞርኩ አነጋገርኩ። ሁለት ደብተር ሞላ። ከዚያ ደብተሮቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። የሰማሁትን እንዴት አድርጌ ወደ ግኝት እንደምቀይረው አላውቅም ነበር። አማካሪዬ ረቂቁን አንብቦ «ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ትንታኔው የታለ?» አለኝ። ያንን የሚያስተምረው ኮርስ እኔ የዘለልኩት ነበር፤ እዚያው ዝርዝር ላይ፣ ከመረጥኩት አንድ መስመር ዝቅ ብሎ። አንድ ሴሚስተር ከነክፍያው ተጨመረብኝ። የልጆቹ ነገር ግን ከዚያ ይብሳል። የነገሩኝን ያህል አልጻፍኩላቸውም።

ይህን የምጽፈው በትምህርት አመራር፣ በልማት ጥናት፣ በሥርዓተ ጾታ፣ በሶሻል ወርክ ወይም በፐብሊክ ማኔጅመንት ማስተርስ ለጀመራችሁ ነው። እዚሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተማሩ፣ ቤታችሁ ሆናችሁ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይንም ተማሩ፣ አካሄዱ ብዙም አይለያይም።

አንድ፦ ካሪኩለሙን እጃችሁ አስገቡ

ከጓደኛ ወሬ በፊት ወረቀቱ ይቅደም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ካሪኩለም የሚባል ሰነድ አለው። የዲፓርትመንቱን ኃላፊ ወይም ጸሐፊዋን ጠይቁ፤ ኮፒ ካልተገኘ የኤሌክቲቭ ገጾቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስንት ኤሌክቲቭ መውሰድ እንዳለባችሁ፣ እያንዳንዱ ስንት ክሬዲት አወር እንደሆነ፣ ቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ ካለ፣ ከሌላ ዲፓርትመንት መውሰድ ይፈቀድ እንደሆነ ፈልጉበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዝርዝሩ ላይ ስድስት ኮርስ ስላየ ስድስቱም የሚሰጥ ይመስለዋል። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደለም። ዲፓርትመንቱ መምህር ያለውን፣ በቂ ተማሪም ያገኘውን አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ይከፍታል። ባቹም ተያይዞ ያንኑ ይወስዳል። ስለዚህ «ምን ምን ኮርስ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ባለፉት ሁለትና ሦስት ባቾች የትኞቹ ተከፈቱ? ማን አስተማራቸው?» በሉ። መልሱ ከዝርዝሩ ይለያል።

ከዚህ የምትረዱት ሌላም ነገር አለ። ምርጫው የእናንተ ብቻ አይደለም፤ የባቹም ነው። የምትፈልጉት ኮርስ እንዲከፈት ከፈለጋችሁ ምዝገባ ሳይደርስ፣ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ፣ ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር መነጋገር አለባችሁ።

ሁለት፦ ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ስለ ኮርስ ከማሰባችሁ በፊት ስለ ሥራ ቦታችሁ አስቡ። ደብተር ያዙና ይህን ጻፉ፦ «እኔ ከምሠራበት ቦታ ማን ሳይገባ ይቀራል? ወይስ ገብቶ የት ላይ ይቆማል?»

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ተመርቋል። ስፌት መስመር ላይ የሚበዙት ወጣት ሴቶች ናቸው። እዚያ የምትሠራ ተማሪ ጥያቄዋ ይህ ሊሆን ይችላል፦ «ማሽን ላይ ያለችው ልጅ ተቆጣጣሪ ልሁን ብላ ስትነሳ ምን ላይ ትቀራለች?» ደሴ ላይ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ ርዕሰ መምህር ደግሞ «ሰኞ ሰኞ ከክፍል የሚቀሩት የማን ልጆች ናቸው?» ብሎ መነሳት ይችላል። ቀበሌ የሚሠራ ሰው «የድጋፍ ዝርዝር ሲወጣ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ተፈናቃይ ስሙ ለምን ይወድቃል?» ሊል ይችላል።

ጥያቄ ምን ያህል ነገር እንደሚቀይር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስለ 1965 እና 1966 የወሎ ረሃብ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ የሚለውን ነው። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ግን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሌላ ነገር ጠየቀ፦ የጠፋው እህል ነው ወይስ እህል መግዣ? ወሎ ላይ ምርት መውደቁን አልካደም። በአገር ደረጃ ግን እህሉ ያን ያህል አልቀነሰም ነበር። የደሴን ገበያ ዋጋ አየ። ሕዝብ እየረገፈ ዋጋው ያን ያህል አልናረም። ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የወጣ እህልም ነበር። ገበሬው ምርቱን፣ አርቢው ከብቱን ሲያጣ ገበያ ላይ ያለውን የሚገዛበት አጣ። ሴን እ.ኤ.አ. በ1998 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። «እህል አለ ወይ?» የሚለውን ትቶ «ማን ነው መግዛት የሚችለው?» ብሎ መጠየቁ ዛሬ የፍትሐዊነት ትምህርት ሥር ከሆኑት ነገሮች አንዱ ነው። ማስረጃው ደግሞ የእኛው ገበያ ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይሰማኛል። የእኛ ሰፈር ጉዳይ ለዓለም ዕውቀት ሆኗል፤ እኛ ግን ለመመረቂያችን ርዕስ ከኢንተርኔት እንለቅማለን።

ጥያቄው በአንድ ቀን ካልጠራላችሁ አትጨነቁ። አንድ ሳምንት ይዛችሁት ዙሩ። ቡና ላይ አንሱት። አቦል ላይ ያነሳችሁት ጥያቄ በረካ ላይ ሌላ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ጎረቤት ያስተካክለዋል።

ሦስት፦ ኮርሶቹን ለዩ፤ ዓይን የሚከፍተውንና እጅ የሚያፍታታውን

አስቀድሜ ስለ ሁለት ቃላት ልበል።

በእኛ ከተማ «አመራር» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው የተሾመ ሰው ነው። «አመራሩ ስብሰባ ላይ ናቸው» እንላለን። በትምህርቱ ግን አመራር ወንበር አይደለም። ሰውን ለጋራ ጉዳይ ማሰባሰብና ማንቀሳቀስ ነው። የቅሬ (የሰፈር እድር) ሰብሳቢ መሪ ናቸው። ተማሪዎቿን አስተባብራ የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት ያሳደሰች መምህርት መሪ ናት።

ሁለተኛው ፍትሐዊነት ነው። ከእኩልነት ጋር እየተምታታ ያስቸግራል። በሰፈራችን ቅሬ ለቅሶ ሲሆን ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት እንጀራና ወጥ ያመጣል። ይህ እኩልነት ነው። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት የቀን ሠራተኛ ነበረች። ጤፍ ከተወደደ ወዲህ የምታመጣው እያነሰ፣ እሷም እየተሸማቀቀች ከለቅሶ መቅረት ጀመረች። ሰብሳቢው ቤቷ ድረስ ሄደው «ልጄ፣ ያንቺ ድርሻ ውኃ መቅዳት ይሁን። ለቅሶ ቤት ያለ ውኃ ምን ይሆናል?» አሏት። ስሟ ከመዝገብ አልወጣም፤ ከሰውም አልተለየችም። ስለ ፍትሐዊነት ስንት ሃንድአውት አንብቤያለሁ። እንደዚያ ቀን የገባኝ ግን የለም።

አሁን ወደ ኮርሶቹ። ዓይን የሚከፍቱ አሉ፤ ሳታዩት የምታልፉትን ያሳያሉ። እጅ የሚያፍታቱ አሉ፤ ያያችሁትን ለመለወጥ ወይም በማስረጃ ለማቅረብ ያስችላሉ። ሁለት ኤሌክቲቭ ካላችሁ ከሁለቱም አንድ አንድ ውሰዱ። አንድ ብቻ ካላችሁ የግድ ኮርሶቻችሁን ተመልከቱና የጎደላችሁን ሙሉ። የትምህርት አመራር ተማሪ ብዙ ጊዜ አመራርና ዕቅድ ይጠግባል፤ የሚጎድለው ዓይን ነው። የሥርዓተ ጾታ ወይም የሶሻል ወርክ ተማሪ ደግሞ ያያል፤ በጀትና ቁጥር ላይ እጁ ይታሰራል።

የሥርዓተ ጾታ ኮርስ ከመረጣችሁ ሴቶችን በጅምላ የማያይ መሆኑን አረጋግጡ። አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾ እ.ኤ.አ. በ1989 «ኢንተርሴክሽናሊቲ» (አንድ ሰው ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ዓይነት መገለል ሲደራረብ) የሚለውን ቃል ያመጣችበት ጽሑፍ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ያነሳል። ጥቁር ሴቶች የመኪና አምራቹን ጄኔራል ሞተርስን ፍርድ ቤት ከስሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ ኩባንያው ሴቶችን ቀጥሯል፣ ጥቁሮችንም ቀጥሯል ብሎ አቤቱታቸውን ሳይቀበል ቀረ። የተቀጠሩት ሴቶች ግን ቢሮ የሚሠሩ ነጮች ነበሩ። ጥቁሮቹ ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ወንዶች። ጥቁር ሴቶቹ በሁለቱ መካከል ወደቁ። ይህን ወደ ኮምቦልቻ አምጡት። ከገጠር መጥታ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅና እናቷ ቤት የምትኖር የከተማ ልጅ ሁለቱም «ሴት ሠራተኛ» ናቸው። የማታ ፈረቃ ሲለቀቅ ግን ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ለሁለቱ አንድ አይደለም። ጥሩ ኮርስ ይህን ያሳያል። የሕጉንም ጎን ያስነብባል። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን 1156/2011፣ በእሱም የተደነገገውን የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ አንስቶ መሬት ላይ እንዴት እንዳለ ያስጠይቃል።

የአካል ጉዳተኝነትና አካታችነት ኮርስ ዝርዝሩ ላይ ካለ በደንብ አስቡበት። ብዙ ሰው «የስፔሻል ኒድስ ሰዎች ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ እንደማየው ግን ለአመራር ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ዓይን ገላጭ የለም። ደሴን አስቧት። ጦሳ ሥር በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። አንድ ቀን ለጉዳይ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። በክራንች የሚሄድ ሰው ደረጃው ሥር ቆሞ ወረቀቱን በልጁ ላከ። ልጁ ወጣ። «ባለቤቱ ራሱ ይፈርም» ተባለና ተመለሰ። እንደገና ወጣ። በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ መዝገቡን ብብቷ ሥር ይዛ፣ እስክሪብቶ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ወረደች። ሰውዬው ደረጃው ሥር፣ መዝገቡን በእሷ ክንድ ላይ አስደግፎ ፈረመ። እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ሄደ። መልካም ሴት ናት። ግን ፈቃድ የወጣች ቀንስ? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች አዝዟል። አንድ ደግ ሠራተኛ በመውረዷና ቢሮው ወደ ምድር ቤት እንዲዛወር በመወሰኑ መካከል ያለው ርቀት የአመራር ትምህርት ዋና ጉዳይ ነው።

እጅ ከሚያፍታቱት አንዱ የፖሊሲና የበጀት ኮርስ ነው። ራምፕ (በደረጃ ፋንታ ተዳፋት መወጣጫ) ይሠራ የሚል ሰው ገንዘቡ ከየትኛው የበጀት መደብ እንደሚመጣ፣ ጥያቄውስ በየትኛው ወር መግባት እንዳለበት ካላወቀ ከስብሰባ ባዶ እጁን ይወጣል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሐምሌ ላይ የሚጮህ ሰው ለከርሞ ነው የሚጮኸው።

ሌላው የጥናት ዘዴ ኮርስ ነው። አጥብቄ የምመክረው ይህንን ነው፤ ዋጋ ከፍዬ የተማርኩት ስለሆነ። ጥያቄያችሁ «ለምን?» እና «እንዴት?» የሚል ከሆነ የቃለ መጠይቅ ትንታኔ ይዛችሁ ውጡ። የሰው ንግግር እንዴት እንደሚመደብ፣ ሐሳቦች እንዴት እርስ በርስ እንደሚያያዙ፣ የራስን ግምት ከተናጋሪው ቃል እንዴት መለየት እንደሚቻል ያስተምራችኋል። «ስንት?» እና «የማን ይበልጣል?» የሚል ከሆነ ስታቲስቲክስ ውሰዱ። ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ መጠቆምና መጫን ብቻ የሚያስተምረውን አይደለም። ቁጥሩ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል የሚያሳየውን ነው። አንዳንዱ ተማሪ ትንታኔውን ለሌላ ሰው ከፍሎ ያሠራል። ከዚያ ዲፌንስ (ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ማቅረቢያው) ላይ የገዛ ሠንጠረዡን ማስረዳት ያቅተዋል። ያሳዝናል፤ እዚያ ድረስ የመጣው በስንት ልፋት ነው።

የግጭት አፈታትና የሰላም ኮርስ ለእኛ አካባቢ ተማሪ ሩቅ አይደለም። በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ያላለቀሰ ቤት የለም። ወሎ የአበጋር (ግጭት የሚፈቱ የአገር ሽማግሌዎች) ሽምግልና አገርም ነው። ኮርሱ የውጭ ንድፈ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን አበጋሮችንም የሚያነሳ ከሆነ ውሰዱት። የፍትሕ ፍልስፍና ኮርስ ደግሞ ንባብ ለሚወድ ጥሩ ነው፤ ጊዜ ለሌለው ይከብዳል።

«የለውጥ አመራር»፣ «ስትራቴጂክ አመራር» የሚሉ ኤሌክቲቮችን ከመያዛችሁ በፊት ከግድ ኮርሶቻችሁ ጋር አስተያዩ። ብዙ ጊዜ ግማሹ ድግግሞሽ ነው።

አራት፦ ኮርስ አውትላይኑን እንደ ውል አንብቡ

የኮርስ ስም ያታልላል። አውትላይኑ (መምህሩ የሚሰጠው የኮርሱ ዝርዝር ዕቅድ) ግን ይናገራል። ያለፈው ባች ተማሪዎች ቴሌግራም ላይ አያጡትም። ሁለት አውትላይን ጎን ለጎን ዘርጉና እርሳስ ያዙ።

መጀመሪያ ግሶቹን አስምሩባቸው። «ተማሪዎች የአመራር ዓይነቶችን ይዘረዝራሉ፣ ይገልጻሉ፣ ያብራራሉ» የሚል ከሆነ ኮርሱ የሚፈልገው ጭንቅላታችሁን እንደ መጋዘን ነው። «ይመረምራሉ፣ ያነጻጽራሉ፣ ያዘጋጃሉ» የሚል ከሆነ ሥራ አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ወደ ምዘናው ውረዱ። ሚድ 30፣ ፋይናል 50፣ የቡድን አሳይመንት 20 የሚል ኮርስ የምታጠኑበት እንጂ የምትሠሩበት አይደለም። የቡድን አሳይመንቱም አንድ ሰው ጽፎት አምስት ሰው ስሙን የሚያስገባበት ይሆናል። የመስክ ሪፖርት 40፣ የንባብ ግምገማ 20፣ ፕረዘንቴሽን 10፣ የመጨረሻ ጽሑፍ 30 የሚል ካገኛችሁ ይደክማችኋል፤ ግን ይዛችሁ የምትወጡት ነገር አለ። ያ የመጨረሻ ጽሑፍ የቴሲሳችሁ (የመመረቂያ ጽሑፋችሁ) ሁለተኛ ምዕራፍ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የንባብ ዝርዝሩ። የቅርቡ ንባብ ዓመተ ምሕረት ስንት ነው? ሁሉም ከሃያ ዓመት በፊት ከሆነ አውትላይኑ ሲገለበጥ የኖረ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ፣ የኢትዮጵያ ጥናት፣ የኢትዮጵያ ጸሐፊ አለበት? ስለ ፍትሐዊነት የሚያስተምር ኮርስ አንድም የአገራችን ጽሑፍ ከሌለው ጥፋት ባይሆንም ጉድለት ነው። መምህሩን በትሕትና ጠይቁ። አንዳንዱ ደስ ብሎት ይጨምራል።

በመጨረሻ ጥያቄያችሁን አምጡና ከሳምንታቱ ርዕሶች አጠገብ አስቀምጡት። ከሴሚስተሩ ሳምንታት ቢያንስ አራቱ ጥያቄያችሁን ካልነኩ ሌላ ፈልጉ።

አምስት፦ የወሰዱትን ጠይቁ፤ ግን ትክክለኛውን ጥያቄ

«ኮርሱ እንዴት ነው?» ብትሉ «አሪፍ ነው» ወይም «ይደብራል» ትባላላችሁ። ከሁለቱም ምንም አይገኝም። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «አሳይመንትህን ማየት እችላለሁ? መምህሩ ምን ብሎ መለሰልህ?» ወረቀቱ ላይ በቀይ የተጻፈ አስተያየት ካለ ያ መምህር ያነባል ማለት ነው። ቁጥር ብቻ ካለ ደግሞ ይታወቃል። ሌላው ጥሩ ጥያቄ «ከዚያ ኮርስ ውስጥ ዛሬ ሥራህ ላይ የምትጠቀምበት ምን አለ?» የሚል ነው። ሰውዬው ወዲያው ከመለሰ ኮርሱ ሠርቷል። ዝም ካለ፣ ዝምታው መልስ ነው።

መምህሩንም በቀጥታ ማነጋገር ነውር አይደለም። ለሻይ ሲወጡ «ዶክተር፣ አንድ አምስት ደቂቃ ቢሰጡኝ» ብላችሁ ጥያቄያችሁን አሳዩአቸው። «ይህን የያዘ ሰው ከእርስዎ ኮርስ ይጠቀማል?» በሉ። እንደዚህ ተጠይቀው «የኔ አይሆንሽም፣ ያንን ውሰጂ» ያሉ መምህር አውቃለሁ። ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ ታመሰግናቸዋለች።

ስድስት፦ ቀን መቁጠሪያውን ዘርጉ

አብዛኞቻችን እየሠራን ነው የምንማረው። የመስክ ሥራ ያለውን ከባድ ኮርስ የት ሴሚስተር ላይ እንደምታደርጉት አስቡ። ፋይናንስና ዕቅድ ላይ የምትሠሩ ሰኔን አትንኩት፤ በጀት ሲዘጋ እንኳን የመስክ ሪፖርት ልጆቻችሁንም አታዩም። መምህራን የፈተና እርማት ጊዜያችሁን ቁጠሩ። ረመዳን በየትኛው ወር እንደሚውል፣ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ ተመልከቱና ቃለ መጠይቅ የምታደርጉላቸው ሰዎች በዚያን ጊዜ ጉልበትና ጊዜ ይኖራቸው እንደሆነ አስቡ። ከኮምቦልቻ የምትመላለሱ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢውን አትናቁት። ክረምት ላይ ሐረጎ ጉም ሲለብስ የማታ ክፍል ጨርሶ መውረድ ቀላል አይደለም። ሁለት ኮርስ እኩል ጥሩ ሆነው አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ማታ ከሆነ የጠዋቱን ያዙ።

ሰባት፦ ካልተከፈተ በጽሑፍ ጠይቁ

የምትፈልጉት ኮርስ ዝርዝሩ ላይ እያለ የማይከፈት ከሆነ ማጉረምረም አያስከፍተውም። የባቹን ተወካይ ያዙ። ሰባትና ስምንት ሰው አስፈርሙ። የሚያስተምር መምህር መኖሩን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

«ጉዳዩ፦ የኤሌክቲቭ ኮርስ እንዲከፈትልን ስለመጠየቅ። እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው የሁለተኛ ዓመት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በካሪኩለሙ ላይ ከተዘረዘሩት ኤሌክቲቭ ኮርሶች መካከል ‹አካል ጉዳተኝነትና አካታች ልማት› የተሰኘው በሚቀጥለው ሴሚስተር እንዲከፈትልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከመካከላችን አምስቱ የመመረቂያ ጽሑፋችንን በዚሁ ዙሪያ ለመሥራት አቅደናል። ኮርሱን ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ የክፍሉ መምህር መኖራቸውንም አረጋግጠናል።»

«እንፈልገዋለን» ብቻ ያለ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። «ቴሲስ እንሠራበታለን፣ መምህርም አለ» ያለ ደብዳቤ ግን የዲፓርትመንቱን ሥራ ያቀልላል።

ካሪኩለሙ የሚፈቅድ ከሆነ ከሌላ ዲፓርትመንት መውሰድም ይቻላል። ክሬዲቱ እኩል መሆኑን አጣሩ፤ ባለ ሦስት የሚያስፈልገው ሰው ባለ ሁለት ወስዶ ምረቃ ላይ አንድ ክሬዲት ጎደለህ ከተባለ ማንም አይሰማውም። ፈቃዱን ከራሳችሁ ዲፓርትመንት በጽሑፍ ያዙ። የቃል ፈቃድ የሰጣችሁ ሰው ነገ ሊቀየር ይችላል።

ስምንት፦ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች እንደ ፈተና ቁጠሯቸው፤ ለመምህሩ

ተመዝግባችሁም አላለቀም። አድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መተው የሚቻልበት ጊዜ) የሚዘጋበትን ቀን ከሬጅስትራር ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ አድርጉ። እስከዚያ አንድም ክፍል አትቅሩ። የተሰጣችሁ አውትላይን ያነበባችሁት ነው ወይስ ተቀይሯል? መምህሩ ጥያቄ ሲነሳ ደስ ይለዋል ወይስ ፊቱ ይጠቁራል? ስለ ፍትሐዊነት እያስተማረ ኋላ የተቀመጠችውን ዝምተኛ ልጅ አንድ ቀን እንኳ ሐሳቧን ጠይቋታል? ከሁለት ክፍል በኋላ ልባችሁ ካልተቀበለው ቀኑ ሳያልፍ ቀይሩ።

ከቀጠላችሁ ደግሞ እያንዳንዱን አሳይመንት ወደ ጥያቄያችሁ ጎትቱት። መምህሩ «በመረጣችሁት ጉዳይ ላይ» ካለ ሁልጊዜ ያንኑ ጉዳይ ምረጡ። አንድ ነገር ግን አደራ። ተፈናቃይ ቤት፣ የፈረቃ ሠራተኞች ክፍል ወይም ልጅ ያቋረጠባት እናት ጋ ለአሳይመንት ስትሄዱ ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን እንደመጣችሁ፣ እርዳታ ይዛችሁ እንዳልመጣችሁ መጀመሪያ ንገሯቸው። መዝጋቢ የመሰላቸው ሰዎች ተስፋ አድርገው ይቀመጣሉ። ሥራው ሲያልቅም ተመልሳችሁ ያገኛችሁትን ንገሯቸው። እኔ ከዞርኩባቸው ቤቶች በአንዱ ያሉ እናት «እንዳንተ ያሉ ሦስት መጡ፤ የተመለሰ የለም» ብለውኛል። ጽሑፌ ካለቀ በኋላ ሄጄ አነበብኩላቸው። ሁለት ቦታ ላይ አርመውኛል።

የምዝገባ ቅጹን ስትሞሉ የኮርሱን ኮድ ከካሪኩለሙ ፎቶ ላይ እያያችሁ ጻፉ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ኮርሶች በኮድ ነው የሚለያዩት። ሁለት ኮፒ አድርጉ። አንዱን ዲፓርትመንት አስገቡ፣ ሌላው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም አስመትታችሁ ቤት ፋይል ውስጥ አኑሩት።